ግማሽ ሹሩባ

ስዕሉ ሊሰቀል ነው!

ሰዓሊዋ የደወለችልኝ ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው። "ደርቋል፤ ቅዳሜ እንሰቅለዋለን" አለችኝ። ቀጥላም "አንቺ የጻፍሽውም ከጎኑ ይለጠፋል፤ አንድም ቃል አልቀነስኩበትም" አለች። እዚያው ጮህኩ። ረዳቱ ዞር ብሎ "እህቴ፣ ሎተሪ ወጣልሽ እንዴ?" ቢለኝ "ከሎተሪ ይበልጣል!" አልኩትና መሳለሚያ ሳንደርስ ወራጅ ብዬ ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ አላውቅም። ደስታዬ ከዚያ ሁሉ ሰው ጋር ታክሲው ውስጥ አልበቃ ብሎ ይሆናል።

አንድም ቃል አልቀነስኩበትም! ይህችን ነገር ለራሴ እየደጋገምኩ በሰውና በጋሪ መሐል ስሄድ ሁለቴ ተገፍቻለሁ፤ ሁለቴም "ይቅርታ" ያልኩት እኔ ነኝ። ድርሰት በጻፍኩ ቁጥር "ከርዕስ ወጥተሻል" የሚል ቀይ ጽሑፍ ነበር የሚመለስልኝ። ከስዕሉ ጎን የሚለጠፈው ግማሽ ገጽ ብቻ ነው፤ እዚያ ያልገባልኝን ሁሉ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ዛሬ ከርዕስ ብወጣም ማንም አይከልክለኝ።

እናቴ ጭድ ተራ ውስጥ ሲባጎና ጆንያ ትሸጣለች። ይሄ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሥራዋ ነው። ሌላው ሥራዋ ቁጭ ማለት ነው። ሰዓሊዎች እያዩ እንዲስሏት ሳትነቃነቅ ትቀመጣለች፤ ሞዴል ናት። ጭድ ተራ ደግሞ ሞዴል ሲባል የሚያውቀው ቴሌቪዥን ላይ ወገቧን ይዛ የምትሄደዋን ቀጭን ልጅ ነው። ስለዚህ ከፊት ለፊታችን ጆንያ የምትሸጠው ጎረቤታችን እናቴን ሳትለክፋት ውላ አታውቅም።

"ሞዴሊስቷ መጣች! ኧረ መንገድ ልቀቁላት!"

"ልቀቂ እንግዲህ፤ መንገዱን የዘጋሽው አንቺ ነሽ።"

"ዛሬስ የቱን ጎንሽን ሳሉት?"

"ጀርባዬን።"

"ደግ አደረጉ። ፊትሽን እኛው እዚህ እያየነው አልጠገብነውም፣ ለእነሱ የሚተርፍ የለም!"

ሥራው የጀመረው በጆንያ ነው። አንድ የስዕል ተማሪ፣ የስዕል ሸራ ስለተወደደበት ጆንያ ወጥሮ ሊስልበት ገበያ ወጥቶ፣ እናቴ ሲባጎ ስትቋጥር እጇን ሲያይ ቆየና "እትዬ፣ እጅዎን ልሳለው?" አላት። "እጄን ምን ልታደርገው ነው? ጠንቋይ ነህ?" አለችው። ጆንያዋን እንደታቀፈች ሳላት። በሳምንቱ ትምህርት ቤታቸው ወሰዳት። ከእጅ ወደ እግር፣ ከእግር ወደ ጀርባ፣ ከጀርባ ወደ ጆሮ እያለች ዓመታት አለፉ። ለብዙ ጊዜ እናቴ በቁራጭ ነበረች ማለት ነው። የተማሪ ልምምድ ደግሞ ተስሎ ይጣላል። አንድ ቀን እየሳቀች ገባችና "ዛሬ ጆሮዬ የብሩሽ መጥረጊያ ሆኖ አየሁት" አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። በኋላ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ለእኔ ይሁን ለሽንኩርቱ እንጃ፣ "አንድ ቀን እንኳ ሙሉ ሆኜ ግድግዳ ላይ ብወጣ ምን ነበረበት" አለች። ሌላ ነገር ስትመኝ ሰምቻት አላውቅም።

ይህን የሰጠቻት ይቺ ሰዓሊ ናት። መሳለሚያ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ድሮ የጨርቅ መጋዘን የነበረውን የላይኛውን ክፍል ከጓደኞቿ ጋር ተከራይተዋል። ለመጀመሪያ ኤግዚቢሽናቸው እናቴን ሙሉውን፣ ከነፊቷ፣ በቁመቷ ልክ ልትስላት ፈለገች። የመረጠችው አቀማመጥ ሹሩባ የምትፈታ ሴት ነው። ግማሹ ጸጉር ተሠርቶ፣ ግማሹ ተፈቶ ወደ ትከሻ ወርዶ። የእናቴን ጸጉር ያየ ሰው ለምን እንደዚያ እንዳሰበች አይጠይቅም። እኔ እዚህ ታሪክ ውስጥ የገባሁትም በዚሁ ነው፤ በየረቡዑና በየቅዳሜው የግራውን ግማሽ ሹሩባ ልክ እንደ ባለፈው አድርጌ የምሠራው እኔ ነበርኩ። አንዲት መስመር ብትዛነፍ ሰዓሊዋ ታውቃለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እናቴ የምትቀመጥበት ከእንጨት የተሠራ መደብ አለ። እግሯ ያረፈበት ዙሪያው በጠመኔ ተሰምሯል፤ ከእረፍት ስትመለስ እግሯን መስመሩ ውስጥ ትከተዋለች። ዓይኗ ግድግዳው ላይ አንዲት ምስማር ያያል እንጂ ሌላ አያይም። ዝንብ አፍንጫዋ ላይ ቢያርፍ ዝንቡ እስኪሰለቸው ትጠብቃለች። እንዲህ ሆና ስልክ ማንሳት ስለማትችል ስልኳ የሚቀመጠው እኔ ጋ ነው።

ያን ረቡዕ ሰዓሊዋ "ሦስት ጊዜ ከተቀመጡልኝ ያልቃል" ብላን ነበር። ፊቷን እየሳለች ነው። "የሚወዱትን ሰው ያስቡልኝ" ስትላት እናቴ ደቡብ አፍሪካ ያለውን ወንድሟን አሰበች፤ ለመስቀል እመጣለሁ ብሏት ነበር። አዝላ ያሳደገችው ታናሿ ነው። አፏ ጥግ ላይ ትንሽ ፈገግታ ነበረች።

ስልኩ ነዘረ። የውጭ ቁጥር ነው። አጎቴ መስሎኝ እየሮጥኩ ወደ ደረጃው ወጣሁ።

"ሄሎ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች!"

የማላውቀው ሰው ነው። "የማን ስልክ ነው?" አለኝ።

"የእናቴ።"

"አጠገብሽ ናት?"

"ሥራ ላይ ናት። መነቃነቅ አትችልም።"

ከኋላው ሰዎች ሲንሾካሾኩ ይሰማኛል። "የኔ እህት፣ እስቲ ትልቅ ሰው አገናኚኝ" አለ።

ከዚያ በኋላ ምንም ባይለኝ ይበቃኝ ነበር። ከውጭ ደውሎ ስሙን ሳይናገር "ትልቅ ሰው አገናኚኝ" የሚል ሰው ምን ይዞ እንደሚደውል እኛ ሰፈር የማያውቅ ልጅ የለም። "አጎቴ ነው?" አልኩት። "ትልቅ ሰው፣ እህቴ" አለኝ አሁንም። የእድራችንን ዳኛ ቁጥር አውጥቼ አነበብኩለት። ሰውየው አመስግኖኝ ዘጋ። ምን እንዳደረግኩለት ነው ያመሰገነኝ?

ተመልሼ ገባሁ። እናቴ መደቡ ላይ ናት። ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ "ማን ነው?" አለች።

"ተሳስተው ነው።"

"እሺ።"

ዓይኗ ከምስማሩ አልተነቀለም። ሰዓሊዋ "እንደዚያው፣ እትዬ! ዛሬ ፊትዎ ሌላ ነው፣ በጣም ያምራል" እያለች ቀለም ታቀላቅላለች። እኔ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጬ የእናቴን ፊት አያለሁ። ወንድሟ ለመስቀል ይመጣል። ሸራው ላይም እየመጣ ነው፤ ብሩሹ ያቺን ፈገግታ በትንሽ በትንሹ ይጨምርላታል። ብናገር ትወድቃለች። ዝም ብል ደግሞ በሌለ ነገር እየሳቀች ትሳላለች። እጄን ጉልበቴ መሐል ከትቼ ቁጭ አልኩ። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ሞዴሏ እኔ ነበርኩ ማለት ይቻላል።

ቀኑ ሳይመሽ የእድሩ ዳኛ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሱቃቸው አስጠሩኝ። በሩን ገርበብ አደረጉትና "ሰምተሻል አይደል?" አሉኝ።

"አልነገሩኝም፣ ጋሼ። ግን ሰምቻለሁ።"

"መኪና ገጭቶት ነው። ሬሳው ከዚያ እስኪነሳ ትንፍሽ እንዳትዪ። አሁን ብንነግራት ሬሳ በሌለበት ተቀምጣ ስታለቅስ ልትሰነብት ነው። ሲቃረብ፣ በማለዳ፣ ሰው ይዘን መጥተን እኛው እንነግራታለን።"

"መቼ ነው የሚደርሰው?"

"ወረቀቱ ሲያልቅ።"

"እስከ መጪው ረቡዕ ይቆያል?"

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ምን ሊሆንልሽ?"

እንዴት ብዬ ልንገራቸው? መርዶ ሲነገራት ጸጉሯን ትቆረጣለች፤ በእኛ ዘንድ እህት ለወንድሟ ጸጉሯን ሳትቆረጥ አታለቅስም። ሹሩባው ደግሞ ገና አልተሳለም። ጥቁር ትለብሳለች፣ ቤት ትውላለች፣ ስዕሉም እዚያው ይቀራል። ይህን ሁሉ አልኳቸው። አልተቆጡኝም። "ልጄ፣ እዚያ ቢሮ ያለው ሰው ወረቀቱን ሲፈርም ያንቺን ሹሩባ አያውቅም" ብቻ አሉኝ።

ወደ ቤት ስሄድ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነብኝ። አሁኑኑ ይነገራት፣ ስዕሉ ይቅር፣ እናቴ ሳታውቅ አትዋል አልኩ። በሩ ጋ ስደርስ እንደገና ስዕሉ ይለቅላት አልኩ። ደግነቱ ወይም ክፋቱ ሁለቱም በእኔ እጅ አልነበሩም።

በማግስቱ ጭድ ተራ ጨዋ ሆነ። ዜናው ከእናቴ በቀር ለሁሉም ደርሷል። ያቺ ለካፊ ጎረቤታችን ገና ከሩቅ ስታያት ተነስታ ቆመች።

"እንደምን አደርሽ፣ እህቴ።"

እናቴ ቆም ብላ አየቻት። "አሞሻል እንዴ?"

"ደህና ነኝ። ጆንያሽን እኔ ላውጣልሽ?"

"የኔን ጆንያ? አንቺ? እውነት አሞሻል!"

ማንም አልሳቀም። ባለሱቁ ወንበር አመጣላት። ተሸካሚዎቹ መንገድ ለቀቁላት፤ በቀልድ አይደለም፣ የእውነት ለቀቁላት። ግን ማንም ፊቷን አያይም፤ ሁሉም እግሯን እያዩ ነው የሚያናግሯት። "ሰው ሁሉ ምን ሆኗል? ሊድሩኝ ነው እንዴ?" አለችኝ። እኔም እግሯን እያየሁ "እንጃ" አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ሹሩባውን ስሠራላት "ዛሬ ለምን አጠበቅሽው?" አለችኝ። ሳላስበው ነው፤ እንዳይወጣ ብዬ የያዝኩት ይመስል። መደቡ ላይ ወጣች፣ እግሯን መስመሩ ውስጥ አስገባች። ሰዓሊዋ ሸራውንና ፊቷን ደጋግማ አየች።

"እትዬ፣ አፍዎ አካባቢ የሆነ ነገር ተለውጦብኛል።"

"አልተነቃነቅኩም።"

"አልተነቃነቁም። ግን..."

"ያየሽውን ሳይ፣ ልጄ።"

ሰዓሊዋ የረቡዑን ፈገግታ በጨርቅ ጠረገችውና እንደ አዲስ ጀመረች። ያን ቀን ፊቱንና የተፈታውን ግማሽ ጸጉር ጨረሰች። የቀረው የግራው ሹሩባ ብቻ ነው፤ በከሰል የተሰመረ ባዶ ሸራ። "ረቡዕ ያልቃል!" ብላ እጇን አጨበጨበች። እናቴ ስዕሉን ልታየው አልፈለገችም፤ ሲያልቅ ነው የማየው አለች።

ሰኞ ማለዳ መጡ። የእድሩ ዳኛ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ሴቶቹ፣ ያቺ ጎረቤታችን። እኔ ነቅቼ ስለነበር የጫማቸውን ድምፅ ግቢው ውስጥ ሰማሁ። እናቴ ግን ቀድማኝ ተነስታ ለብሳ ነበር። ሳያንኳኩ ከፈተችላቸውና "ግቡ" አለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም፤ ለቅሶ ቤት ያልነበረ ሰው የለም።

አንዷን ነገር ግን ልጻፍ። ሴቶቹ መቀስ ሲፈልጉ ጎረቤታችን ሲባጎ የምትቆርጥበትን ከጉያዋ አወጣች። ልትቆርጥ ስትል እናቴ እጇን ያዘችና ወደ እኔ ዞረች። "የሠራሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ቁረጪው።" መቀሱ ለሲባጎ የተሳለ ነው፤ አልከበደውም። ያን ያህል ያጠበቅኩት ሹሩባ ሳይፈታ፣ እንደተሠራ፣ አንድ በአንድ ወረደ።

ሰዓሊዋ ድንኳኑ ውስጥ ከኋላ መጥታ ተቀመጠች። የእናቴን ራስ አየች፣ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። "እግዚአብሔር ያጥናዎት" አለቻትና ወጣች። ስሸኛት "ስለ ስዕሉ እንዳታስቢ" አለችኝ፤ እሷ ራሷ ግን ሌላ ነገር እያሰበች እንዳልሆነ ፊቷ ይናገራል። በስልኳ ያነሳችው ፎቶ ነበር፤ ሹሩባው እዚያ ላይ ጥቁር እብጠት ብቻ ነው። ኤግዚቢሽናቸው እየቀረበ ነበር። ጓደኞቿ ሌላ ስዕል አስገቢ እንዳሏት ሰማሁ። እናቴን ልጠይቃት አልችልም፤ ጸጉር በጥያቄ አያድግም። ሸራው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ።

አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቴ "ነይ፣ ቁጭ በይ" አለችኝ። ከጉልበቷ ሥር ተቀመጥኩ። ጸጉሬን ከመሐል ከፈለችውና የግራውን ግማሽ መሥራት ጀመረች። የእሷ እጅ ከእኔ ይበልጥ ያጠብቃል፤ ዓይኔ ወደ ላይ ተሳበ። ሲያልቅ ጥቁር ሻሿን አሰረችና መሳለሚያ ሄድን።

ሰዓሊዋ በሩን ስትከፍት እናቴ ወደፊት ገፋችኝ። "ሹሩባውን ከእሷ ውሰጂ።"

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የእርስዎ ጸጉር አይደለም።"

"እሷስ ከማን ወጣች? ገበያ የገዛኋት መሰለሽ?"

መደቡ ላይ ወጣሁ። እግሬን የእናቴ መስመር ውስጥ አስገባሁ፤ ሊሞላው ትንሽ ይቀረዋል። ምስማሯን አየሁ። እናንተ! ቁጭ ማለት እንዲህ ከባድ ነው? መጀመሪያ አንገት፣ ከዚያ ወገብ፣ ከዚያ አንድ እግር ጠፋብኝ። አፍንጫዬን በላኝ። ሕይወቴን ሙሉ እናቴ "ቁጭ ብላ ነው የሚከፈላት" ሲባል ስሰማ እውነት መስሎኝ ነበር።

እናቴ ከሰዓሊዋ ጀርባ ሄዳ ቆመች። ስዕሉን ገና ማየቷ ነው። ከምስማሩ ዓይኔን መንቀል ስለማልችል ፊቷን አላየሁም።

"ይሄን ፊት የሳልሽው የመጨረሻው ቀን ነው አይደል?" አለቻት።

"አዎ።"

"ያን ቀን አውቅ ነበር።"

ብሩሹ ቆመ። "ምኑን፣ እትዬ?"

"ወንድሜን።"

"ማን ነገርዎት?"

"ማንም። ይቺ ልጅ ረቡዕ ለት ስልክ ልታነሳ ስትወጣ እየሮጠች ነበር። ስትመለስ እንደ ሽማግሌ ተራምዳ ገባች። አላየኋትም፤ ምስማሩን ነው የማየው። ግን ሰማኋት። ከዚያ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ አከበረኝ።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቁም?"

"ማንን ልጠይቅ? እሷን? መርዶ በልጅ አፍ ይነገራል? ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ እናቴን ያረዳሁ እኔ ነኝ እንዳለች ትኖራለች። እስኪነግሩኝ ድረስ ደግሞ አልሞተም። አንቺም ፊቴን አልጨረስሽም ነበር።"

ዞሬ ላያት ፈለግኩ። ወርጄ ልይዛት ፈለግኩ። እግሬ መስመሩ ውስጥ ነው፣ ሹሩባው ገና ግማሽ ነው፤ ብነሳ ብርሃኑ ያልፋል። እንባዬ መጣ። እጄን ላነሳ ስል ከሸራው ኋላ የእናቴ ድምፅ መጣ።

"አትጥረጊው። ይውረድ። አንገትሽን ብቻ ያዢ።"

ያዝኩት። እንባው በአገጬ ወርዶ አንገቴ ውስጥ ገባ፤ ምስማሯ ሁለት ሆነች፣ ሦስት ሆነች። ሰዓሊዋ መሳል ጀመረች። ክፍሉ ውስጥ የብሩሹ ድምፅና ከታች የሚጮኸው ሚኒባስ ብቻ ነበር። እናቴ ያን ቅዳሜ እንዴት አድርጋ እንደተቀመጠች ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ማንም ሊነግረኝ አይችልም ነበር።

አሁን አልቋል። የግራው ሹሩባ የእኔ ነው፣ ፊቱ የእሷ ነው፤ የት እንደሚገናኙ እኔ ራሴ ፈልጌ አላገኘሁትም። ያቺ ጎረቤታችን ዜናውን ስትሰማ "ጸጉሩን ከልጅ ተበድራ ግድግዳ ላይ ወጣች!" ብላ ጭድ ተራን በሳቅ አፈረሰችው። እናቴ ከነጥቁር ልብሷ ስቃ "ነይና ክፍተቱን አሳዪኝ፤ ያገኘሽው እንደሆነ ጆንያዬን በሙሉ ውሰጂ" አለቻት።

ትናንት ሮጬ ገብቼ "ቅዳሜ ይሰቀላል!" ስላት ሲባጎዋን አስቀመጠች። ሐዘን ላይ ሆና እንዴት ትሄዳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። "ጭፈራ አይደለም የምሄደው፣ ራሴን ላይ ነው" አለች። ከዚያ የምጠራቸውን ሰዎች ነገረችኝ፤ የእድሩን ዳኛ፣ ሽማግሌዎቹን፣ ባለሱቁን፣ ተሸካሚዎቹን። "ያን ሳምንት ሁሉ እግሬን እያዩ ነው ያናገሩኝ" አለች። "ንገሪያቸው። መጥተው ፊቴን እስኪበቃቸው ይዩት።"

ስጽፍ ስታየኝ ደግሞ "ለሚያነቡትም አድርሺ" አለችኝ። እነሆ አድርሻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፣ መሳለሚያ፣ የአሮጌው ፎቅ የላይኛው ክፍል። ደረጃው ጨለማ ስለሆነ ግድግዳውን ይዛችሁ ውጡ። እናቴ በሩ አጠገብ ትቆማለች፤ ቀና ብላችሁ ፊቷን እያያችሁ ሰላም በሏት።